ሸሚዙ ድንበር ሲሻገር ማኅበሩስ?

ለብሰነው የምንውለው ሸሚዝ ከእኛ የበለጠ አገር አይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥጡ አንድ አገር ይለቀማል፣ ክሩ ሌላ አገር ይፈተላል፣ ጨርቁ ሦስተኛ አገር ይሸመናል፣ አራተኛ አገር ተሰፍቶ በመርከብ ይጫንና አምስተኛ አገር ሱቅ ውስጥ ይሰቀላል። ገንዘቡም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት ኒውዮርክ የነበረ ማታ ዳካ ይገኛል። ለሸሚዙ ቪዛ የሚጠይቀው የለም፤ ለገንዘቡም እንዲሁ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ኬላ የሚያግደው አንድ ነገር ቢኖር ሸሚዙን የሰፋችው ልጅ ድምፅ ነው። የእሷ አቤቱታ የፋብሪካውን አጥር እንኳ ሳያልፍ ይቀራል።

ስለ ፍትሐዊ የዓለም ንግድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ኮታና ስለ ገበያ መክፈት ነው። ሚኒስትሮች ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ መግለጫ አውጥተው ይበተናሉ። እኔ በበኩሌ ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን እላለሁ። ንግዱ ድንበር የሚሻገር ከሆነ የሠራተኛው ማኅበርም መሻገር አለበት። የአንዱ አገር ሠራተኛ ከሌላው አገር ሠራተኛ ጋር ተስማምቶ ገዢውን ኩባንያ በጋራ ካላስፈረመ በስተቀር፣ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው ነገር የስብሰባ ቃል ሆኖ ይቀራል። ይህን የምለው ምኞቴን ለመግለጽ ብቻ አይደለም፤ ተሞክሮ የሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው።

ባንኩ ተዘጋ፣ ፋብሪካው ግን ተከፈተ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ሳቫር በምትባል ቦታ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። ከታች ባንክና ሱቆች፣ ከላይ ደግሞ አምስት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ነበሩበት። በማግስቱ የባንኩ ሠራተኞች አልመጡም፤ ሱቆቹም አልተከፈቱም። የስፌት ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ያንገራገሩት ደመወዛቸው እንደሚቀር ተነገራቸው። ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ተደረመሰ። ከ1,130 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 2,500 የሚሆኑ ቆሰሉ።

እስቲ ልብ እንበል። ስንጥቁን የባንኩም ሠራተኛ አይቶታል፣ የስፌቷም ሠራተኛ አይታዋለች። አደጋውን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም ነበር። ልዩነቱ የባንኩን ሠራተኛ ቤትህ ዋል የሚለው መሥሪያ ቤት ነበረው፤ የስፌቷ ሠራተኛ ግን ብቻዋን ነበረች። በራና ፕላዛ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱም ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም። «ዛሬ አንገባም» ለማለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዲት ሴት ለብቻዋ ብትለው ትባረራለች፣ 1,000 ሆነው ቢሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ አለቆቹስ ለምን ያን ያህል ቸኮሉ? ክፉ ሰዎች ስለሆኑ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ነገር ግን አሠራሩን ማየት ይሻላል። አውሮፓና አሜሪካ ያለው ገዢ ኩባንያ ራሱ ፋብሪካ የለውም፤ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። ዋጋውን ይቆርጣል፣ የማስረከቢያውን ቀን ይቆርጣል። ፋብሪካው አይሆንም ካለ ገዢው ወደ ሌላ ፋብሪካ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ፋብሪካው ቀኑ ካለፈበት ወይ ይቀጣል፣ ወይ በመርከብ መሄድ የነበረበትን ዕቃ በራሱ ወጪ በአውሮፕላን ይልካል። ስለዚህ ከላይ የተጫነው ጫና እየወረደ እየወረደ ይመጣና መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ማንም በማይናገርላት ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህ ከሆነ ደግሞ የባንግላዴሽ ሠራተኛ በአገሯ ብቻ ብትደራጅም ሙሉ መፍትሔ አታገኝም። ምክንያቱም ዋጋውን የሚቆርጠው ሰው ያለው ባንግላዴሽ ውስጥ አይደለም። ከእሱ ጋር ለመነጋገር እሱ ባለበት አገር ወዳጅ ያስፈልጋታል።

ቃል ኪዳን ሳይሆን ውል

ከራና ፕላዛ በኋላ የተደረገው ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ፣ ኢንደስትሪኦልና ዩኒ የሚባሉ ሁለት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽኖች ከባንግላዴሽ ማኅበራት ጋር ሆነው ገዢ ኩባንያዎቹን ስምምነት አስፈረሙ። ስምምነቱ «አኮርድ» ተባለ። ከ200 በላይ ኩባንያዎች ፈረሙበት፤ ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎችንና ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሠራተኞችን ሸፈነ።

ከዚያ በፊት ኩባንያዎቹ ምንም አያደርጉም ነበር ማለት አይደለም። የሥነ ምግባር መመሪያ ነበራቸው፤ ተቆጣጣሪም ይልኩ ነበር። እንዲያውም በራና ፕላዛ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ከመደርመሱ በፊት ተቆጣጣሪ ጎብኝቷቸው ነበር። ግን መመሪያውን የጻፈው ኩባንያው፣ ተቆጣጣሪውን የከፈለው ኩባንያው፣ ሪፖርቱን የሚያነበውም ኩባንያው ነው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ማለት እኮ ነው።

አኮርድ ይህን ለወጠው። አንደኛ፣ በሕግ የሚያስገድድ ውል ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበራቱ ከኩባንያዎቹ ጋር እኩል የአስተዳደር መቀመጫ ነበራቸው። ሦስተኛ፣ የምርመራው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። አራተኛ፣ ሠራተኛው አደጋ ካየ አልገባም የማለት መብት አለው። አምስተኛውን ግን በተለይ እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፤ ፋብሪካው ለጥገና ቢዘጋ የሠራተኛው ደመወዝ እስከ ስድስት ወር እንዳይቋረጥ፣ ገዢዎቹም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከባንግላዴሽ የሚያዙትን እንዳይቀንሱ የሚል ነገር ውስጡ ነበረበት። ማለትም የፋብሪካው ጥፋት ዕዳ ወደ ሠራተኛዋ እንዳይዞር አስቀድሞ ታስቦበታል።

ውል መሆኑ ምን ለወጠ ለሚል ሰው መልሱ ሄግ ከተማ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱ ፌዴሬሽኖች ፋብሪካዎቻቸውን በጊዜው አላስጠገኑም ያሏቸውን ሁለት ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ወደ ግልግል ዳኝነት ወሰዷቸው። ሁለቱም ጉዳዮች በስምምነት አለቁ፤ በጃንዋሪ 2018 ይፋ በሆነው በሁለተኛው ጉዳይ ኩባንያው 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንድ የድሃ አገር ስፌት ሠራተኛ አጀንዳ ሄግ ድረስ ሄዶ ገንዘብ አስከፈለ ማለት ነው። የኩባንያው ብሮሹር ላይ ያለ ቃል ኪዳን ይህን ማድረግ አይችልም። ለራና ፕላዛ ተጎጂዎችና ቤተሰቦችም በዓለም የሥራ ድርጅት ሰብሳቢነት 30 ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቦ ነበር፤ ገንዘቡ የሞላው ግን ከሁለት ዓመት ውትወታ በኋላ በ2015 ነው።

እውነቱን ለመናገር አኮርድ ሁሉን ነገር አልፈታም። ግድግዳውን እንጂ ደመወዙን አላስተካከለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የባንግላዴሽ ሠራተኞች 23,000 ታካ የወር ደመወዝ ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ ሕይወትም ጠፋ። የተወሰነላቸው 12,500 ታካ ነበር። ቢሆንም አሁን ስለ ደመወዝ የሚከራከሩት በሕይወት ስላሉ ነው።

ሐዋሳም ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ናት

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ያስታውስ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ለአሥር ሺዎች የሥራ ዕድል እንደሚከፍት ተነግሮለት ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም በተለይ ሴቶች ገብተውበታል። ሥራ መከፈቱ መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ያለ አንድ ማዕከል በሜይ 2019 ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ሪፖርት የባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ የቻይና ደግሞ 326 ዶላር ነው። ማለትም ያ ሁሉ ሰው ሞቶባታል የምንላት ባንግላዴሽ ከእኛ ከሦስት እጥፍ በላይ ትከፍል ነበር።

አንዲት የአክስቴ ልጅ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ለጥቂት ወራት ሠርታ ነበር። የት እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት፤ ጤፍና ሽሮው ከገጠር ከእናቷ ይላክላታል። እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ደመወዝተኛዋ ለእናቷ መላክ ሲገባት ገበሬዋ እናት ለዓለም አቀፉ ኩባንያ ሠራተኛ ቀለብ ትሰፍራለች። ሥራዋ መጨረሻ ላይ የዋጋ ወረቀቱን ልብሱ ላይ ማንጠልጠል ነበር። አንድ ቀን የቁጥሩን ትርጉም ጠየቀችኝ፤ ስናሰላው የአንዱ ልብስ ዋጋ ከወር ደመወዟ በለጠ። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ይሄ ለማን ነው የሚነገረው?» አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ እዚያ ማኅበር አልነበረም።

የአኮርድ ትርጉም እንግዲህ ይኸው ነው። ለማን እንደሚነገር ይታወቃል፤ የተነገረውም ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም።

«ለኛ አስበው ነው?»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መሸሽም የለብንም። «የሀብታም አገር የሠራተኛ ማኅበራት ስለ እኛ መብት የሚጮኹት የራሳቸውን ሥራ ለማዳን ነው» ይባላል። ታሪክ ይህን ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሲንጋፖር በተደረገው የዓለም ንግድ ድርጅት የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ የሠራተኛ መብት መመዘኛዎች የዓለም የሥራ ድርጅት ጉዳይ እንዲሆኑና ለገበያ መዝጊያ ሰበብ እንዳይደረጉ ተወሰነ። ይህን አጥብቀው የፈለጉት ታዳጊ አገሮች ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1999 በአሜሪካዋ ሲያትል በተከፈተው ጉባኤ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞችም በዚያ ቀን ሥራ አቁመው ወደቦቹን ዘጉ። ትልቅ ትብብር ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሠራተኛ መብት በንግድ ማዕቀብ ሊደገፍ ይገባል የሚል ነገር ሲናገሩ የታዳጊ አገሮች ተወካዮች ተቆጡ። ጉባኤው ያለ ውጤት ተበተነ።

እኛም ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ከተፈጸመ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ጋር በተያያዘ ከአጎአ ታገደች። አጎአ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚያደርግ ሕግ ነው። እገዳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ በኖቬምበር 2021፣ ፒ.ቪ.ኤች የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። የጦርነቱን ጉዳይ እዚህ አንሥቼ መፍረድ አልፈልግም። የምለው፣ ሐዋሳ ላይ ኮሌታ ስትሰፋ የዋለችው ልጅ ጦርነቱን አላወጀችም፤ እገዳውንም የጠየቃት የለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እንለያቸው። አንዱ መንግሥት ከላይ የሚጥለው ማዕቀብ ነው። ሌላው ሠራተኞች ከሠራተኞች ጋር ሆነው ገዢውን የሚያስፈርሙት ውል ነው። መለያ የሚሆኑን ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄውን ያነሣው ማነው? ውሉ ላይ የፈረመው ማነው? ፋብሪካው ሲያጠፋስ ደመወዟ የሚቋረጠው የማን ነው? በአጎአ እገዳ ሠራተኛዋ አልጠየቀችም፣ አልፈረመችም፣ የተቋረጠውም የእሷ ደመወዝ ነው። በአኮርድ ግን ጠይቃለች፣ ማኅበሯ ፈርሟል፣ ፋብሪካው ለጥገና ቢዘጋም ደመወዟ ይቀጥላል። የሩቁን ወዳጅ ቅንነት የምንለካውም በዚሁ ነው። የአገሬውን ማኅበር አስቀድሞ ከኋላው የሚቆም ከሆነ ወዳጅ ነው፤ ስለ እኛ ያለ እኛ የሚናገር ከሆነ ግን መጠርጠር መብታችን ነው።

በአፍሪካም ሆኗል

ባንግላዴሽ ትልቅ አገር ናት፣ ለትንሽ አገር ይህ አይሆንም የሚል ካለ ሌሶቶን ይመልከት። በዚያች ትንሽ ተራራማ አገር፣ ለአሜሪካ ጂንስ በሚሰፉ የታይዋን ባለሀብት ፋብሪካዎች ውስጥ፣ አለቆች ሴቶችን ሥራ ለማቆየትና ኮንትራት ለማራዘም ለወሲብ ያስገድዱ እንደነበር በምርመራ ተረጋገጠ። በኦገስት 2019 የሌሶቶ የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች መብት ድርጅቶች፣ በአሜሪካ ባሉ የሠራተኛ መብት ድርጅቶች እየታገዙ፣ ሌቪ ስትራውስን ጨምሮ ሦስት የአሜሪካ ኩባንያዎችንና ፋብሪካውን አስፈረሙ። ስምምነቱ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን ይመለከታል። ሴቶቹ አቤት የሚሉት ከፋብሪካው ነፃ ለሆነ አካል ነው። ፋብሪካው ውሳኔውን አላከብርም ቢል ገዢዎቹ ትእዛዝ ለመቀነስ ተስማምተዋል።

ልብ በሉ፤ እዚህም የትእዛዝ መቀነስ ዛቻ አለ። ግን ቁልፉ በሌሶቶ ማኅበራት እጅ ባለ ውል ውስጥ ነው ያለው፤ ዋሽንግተን ያለ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ አይደለም። የሌሶቶ ማኅበራት ብቻቸውን የአሜሪካውን ኩባንያ ስብሰባ አይጠሩትም ነበር። የአሜሪካዎቹም ብቻቸውን ፋብሪካው ውስጥ የሚሆነውን አያውቁም ነበር። አንዱ መረጃው አለው፣ ሌላው በሩን ያውቀዋል።

ከሁሉም የቆየው ምሳሌ ግን የመርከበኞች ነው። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1896 ለንደን ላይ ነው። የመርከብ ባለቤቶች ከጥንትም የአሁኑን የልብስ ገዢዎች ዓይነት ዘዴ ነበራቸው፤ ባለቤቱ የአንድ አገር ሰው ሆኖ የመርከቡን ባንዲራ ግን ቁጥጥር ከላላበት ከሌላ አገር ይገዛል። ፌዴሬሽኑ ከ1948 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ መርከቦች ላይ ዘመቻ ከፈተ። የመርከበኛው ጡንቻ የወደብ ሠራተኛው ነው፤ መርከቡ የትኛውንም ባንዲራ ቢሰቅል ማራገፍ አይቀርለትምና። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የመርከብ አሠሪዎችና ፌዴሬሽኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀምጠው ስለ ደመወዝ የሚደራደሩበት መድረክ አለ። ስምምነቱ በሚሸፍነው መርከብ ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ የሚወስነው ውሉ ነው፤ የመርከበኛው ፓስፖርት ቀለም አይጠየቅም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ወገኖቻችን ስላሉ ይህ ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ነው።

ባለሀብቱ ቢሄድስ?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ደመወዝ ከጨመርን ባለሀብቱ ነቅሎ ይሄዳል» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ውሸት አይደለም። አንድ አገር ብቻውን ከጨመረ ሊሄድበት ይችላል። ግን ይሄ እኮ የትብብርን አስፈላጊነት ነው የሚያሳየው! ባለሀብቱ የሚሄደው ከእኛ ርካሽ የሆነ ጎረቤት ሲያገኝ ነው። ኬንያም፣ ሌሶቶም፣ ባንግላዴሽም ከዚህ በታች አንወርድም ካሉ የት ይሄዳል? የትብብር ዓላማ ሁሉንም አገር እኩል ደመወዝ ማስከፈል አይደለም፤ የኑሮው ዋጋ ይለያያል። ዓላማው ወለል ማበጀት ነው፤ ማንም ከዚያ በታች እንዳይወርድ።

ደግሞም በውል መታሰር የግድ ገበያ አያጠፋም። የባንግላዴሽ የልብስ ኤክስፖርት አኮርድ በተፈረመበት የበጀት ዓመት 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያ ሁሉ ቁጥጥርና ጥገና ካለፈ በኋላ፣ 34 ቢሊዮን ደረሰ። አኮርድ ነው ያሳደገው አልልም፤ አልገደለውም ግን ማለት ይቻላል። በአንጻሩ እኛ በርካሽነት ብቻ ለመወዳደር ሞክረን ነበር፤ የወር 26 ዶላር ደመወዝም ፋብሪካውን ከመሄድ አላስቀረውም። ርካሽነት ታማኝ ወዳጅ አያፈራም።

ከቤት ይጀምራል

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በአገር ውስጥ ማኅበር ሳይኖር የውጭ ትብብር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የአኮርድም የሌሶቶም ስምምነት የቆመው የአገሬው ማኅበራት ስለነበሩ ነው። ወዳጅ እጁን ሲዘረጋ የሚይዘው እጅ ማግኘት አለበት።

እኛ መሠረቱ የለንም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የመደራጀትንና በኅብረት የመደራደርን መብት የሚመለከቱትን ሁለት ዋና ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1963 ነው፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 የሠራተኛን የመደራጀት መብት ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ይደነግጋል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ከወረቀቱ እስከ ስፌት መኪናው ያለው መንገድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እላለሁ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽናችንና ፌዴሬሽኖቹ ፓርኮቹ ውስጥ በነፃነት ገብተው እንዲያደራጁ በሩ ይከፈትላቸው፤ የሚያደራጅ ሠራተኛም እንዳይባረር ይጠበቅ። ማኅበራቱ ደግሞ ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ተወካይ መላክ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚያው ገዢ የሚሰፉትን የኬንያንና የባንግላዴሽን ማኅበራት ስልክ ይያዙ፤ ዋጋ ይለዋወጡ፣ አንዱ አድማ ሲመታ ሌላው ትርፍ ትእዛዙን አልሰፋም ይበል። መንግሥትም ባለሀብት ሲጋብዝ ርካሽ ጉልበት አለን የሚለውን ማስታወቂያ ይተው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመልክታ ለረዥም ዓመታት ስትደራደር ቆይታለች፤ ስለ ባንክና ስለ ቴሌ የተወራውን ያህል ስለ ስፌት ሠራተኛዋ ሲወራ አልሰማንም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የሚቀር ነገር አለ። የቢዝነስ ገጾቻችን «ፓርኩ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ኤክስፖርት አደረገ» የሚል ዜና ይወዳሉ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ዜናው ግን ግማሽ ነው። ነገ ወጥተን ስንሠራ እንደዚህ ያለ መግለጫ ሲደርሰን ሦስት ጥያቄ እንጨምር፤ ከዚህ ዶላር ለሰፋችው ስንት ደረሳት? ማኅበር አላት ወይ? ገዢው ኩባንያ ከማን ጋር ነው የፈረመው? ዳካ ያለው ጋዜጠኛና ማሴሩ ያለው ጋዜጠኛም ይህንኑ ጠይቀው መልሱን ቢያወጡት፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሰው ሦስቱንም ጋዜጣ ማንበብ ሊጀምር ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ክሩ በእጃችን ነው፤ የሚቀረው ማበሩ ነው።